የምሥራቁ ግድግዳ

ፎርቱናን መጀመሪያ ያየኋት በመስታወት ውስጥ ነው። እሷ የከተማ አውቶቡስ ነጂ፣ እኔ ደግሞ የታቀፍኩትን ጨርቅ የት እንደማስቀምጠው የጨነቀኝ ተሳፋሪ።

ሰኔ ባለቀ በማግስቱ ነበር። የሃዳር መንገድ ሱቆች ወሩን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ሲያውለበልቡ የከረሙትን ባለቀስተ ደመና ጨርቅ እያወረዱ ነበር። ጨርቁ እንደኔ ሴት ለምትወድ ሴት፣ ወንድ ለሚወድ ወንድ የተሰቀለ ነው፤ ወሩ የእኛ ወር ስለሚባል። አንዱ ቡና ቤት ትልቁንና ወፍራሙን ጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። እኔ ልብስ አስተካካይ ነኝ። ድርብ ስፌት ያለው ጨርቅ ሲጣል እያየሁ ማለፍ አልችልም። አወጣሁት፣ አራገፍኩት፣ ታቅፌው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ነጂዋ ከፊቷ በተሰቀለው መስታወት ተመለከተችኝ። ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ የሚታዩኝ፤ ቡናማ፣ ከጎን ከጎናቸው መስመር ያበጁ።

«በዓሉ እኮ ትናንት አለቀ» አለች።

«የሱቆቹ ነው ያለቀው። የእኔ አላለቀም» አልኳት።

ሳቀች። እየሳቀች አንድ ፌርማታ አለፈች፤ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ ወለሉን በዱላቸው እየመቱ «ልጄ፣ እኔ እኮ ቤት አለኝ» እስኪሏት ድረስ አልታወቃትም።

በማግስቱ ሥራ ስጨርስ ወደ ቤቴ በሚወስደው አውቶቡስ ፈንታ የእሷን ጠበቅሁ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚሁ። ቤቴ ታች ገበያው አጠገብ ነው፤ የእሷ አውቶቡስ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ይወጣል። ከሹፌሯ በስተቀኝ ባለችው ወንበር ተቀምጬ ጫፍ ድረስ እወጣለሁ፤ ከእሷው ጋር እመለሳለሁ። ብዙ ቀን ምንም አላወራንም። እሷ መንገዱን ታያለች፣ ከዚያ መስታወቱን። እኔ መስታወቱን አያለሁ፣ ከዚያ ባሕሩን ያየሁ እመስላለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ጠየቀችኝ። «በየቀኑ ተራራ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አየር ልቀበል ነው።»

«ምን አየር አለ? መስኮቱ እንደሆነ ዝግ ነው።»

ፊቴ ቀላ። እሷ ግን ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ቆማ፣ በሩን ከፍታ፣ ማንም ሳይወርድ ማንም ሳይወጣ ትንሽ ጠበቀች። «እንግዲህ አየር ከፈለግሽ» አለችኝ ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ፣ «ዓርብ እረፍት ነኝ።»

እንዲህ ነው የጀመርነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጓዜን ጠቅልዬ ሃዳር ካለው ቤቷ ገባሁ። ቤት ውስጥ የምታውቀኝ ፎርቱናና ደጅ የምታውቀኝ ፎርቱና ለየብቻ ነበሩ። ቤት ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ እንኳ እጄን አትለቅም። ደጅ ስንወጣ ግን በመካከላችን አንድ ሰው ያሳልፋል። ለጎረቤት «ተከራዬ ናት» አለች። ለእናቷ ለእትዬ ፍሬሃም እንዲሁ አለቻቸው። እሳቸው የሚኖሩት አሽዶድ ነው፤ ስልክ በደወሉ ቁጥር «ያቺ ተከራይሽ ደህና ናት?» ይላሉ፤ ፎርቱናም «ደህና ናት፣ አታስቸግርም» ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ካልሲዋን እየሰፋሁ።

ሰኔ ሲመጣ ጥቁር መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ከሺህ ሰው ጋር ሰልፍ ትወጣለች። ደጅ እጄን የምትይዘው ያን ጊዜ ነው። ትዘፍናለች፣ የማታውቃቸውን ሰዎች ታቅፋለች። ወሩ ሲያልፍ መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ፣ ያ ከቆሻሻ ያወጣሁት ጨርቅ ደግሞ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ይገባል። ታጥቦ እንኳ ሲሰጣ ውስጥ ይሁን ትለኝ ነበር።

አልተቆጣኋትም ብል ውሸት ነው። ግን ስቆጣት ታስቀኛለች። አንድ ጊዜ ለአንድ ቀን ሙሉ ሳላናግራት ብውል፣ ማታ የአውቶቡስ ድምፅ ማጉያዋን አስመስላ ከመታጠቢያ ቤት በስሜ «ቀጣይ ፌርማታ፣ ሐጊት። ለመውረድ የምትፈልጉ አትችሉም» አለች። ምን ይደረጋል?

የዳስ በዓል የደረሰ ሰሞን ግን ሳቁ አለቀ። እትዬ ፍሬሃ ለበዓሉ እኛ ዘንድ እንደሚከርሙ አስታወቁ። ፎርቱና አልጋዬን ከመኝታ ቤት አውጥታ ሳሎን ልታነጥፍልኝ ስትዘጋጅ ደረስኩ።

«ዓመቱን ሙሉ ትወጂኛለሽ» አልኳት። «ስም የምትሰጪኝ ግን በሰኔ ብቻ ነው። እኔ ዳስ ነኝ እንዴ፣ በዓሉ ሲያልፍ የምፈርስ?»

ትራሱን ይዛ ቆመች። በዓሉ እንዳለቀ ቤርሳቤህ ወደ እህቴ እንደምሄድ፣ እስከዚያ ግን እናቷ ፊት እንደማላዋርዳት ነገርኳት። ሻንጣዬን አወጣሁ። ያንን ጨርቅም፣ የእኔ ነውና፣ ይዤው ለመሄድ አጥቤ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ሰጣሁት። የሚሄድ ሰው ማንን ይፈራል?

የሕንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ኦቫድያ ናቸው፤ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሕግ የሚያጠብቁ ሰው። በየዓመቱ ለሕንጻው ነዋሪ ሁሉ ግቢው ውስጥ አንድ ዳስ ይሠራሉ፤ ጣራው የዘንባባ ቅጠል፣ ግድግዳው ከየቤቱ የተሰበሰበ አንሶላ። ያን ዓመት አንሶላው አልበቃ ብሏቸው ኖሮ ገመዱ ላይ አንድ ሰፊ፣ ጠንካራና ባለቀለም ጨርቅ ሲያዩ «ተባረኩ» ብለው ወሰዱት።

የበዓሉ ማታ እትዬ ፍሬሃ በቀይ በርበሬ የሠሩትን ዓሳ ይዘን ወረድን። ድስቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ልጥለው ምንም አልቀረኝ። የዳሱ የምሥራቅ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኔ ጨርቅ ነው። መብራት አብርተውበታል። ከመሃሉ ሮማን አንጠልጥለውበታል።

ፎርቱና ጨርቁን አየች፤ ከዚያ እኔን። እኔ በር አጠገብ፣ ለተከራይ በሚገባው ቦታ ተቀመጥኩ።

ሁሉም ግድግዳውን አደነቁት። በመጨረሻ ከሁለተኛ ፎቅ የመጣችው ሉድሚላ፣ በልቧ ያለው ነገር ልቧ ውስጥ የማያድር ሴት፣ «ጋሼ ኦቫድያ፣ ይሄ እኮ በሰኔ ሰልፍ የሚወጡት ሰዎች ጨርቅ ነው» አለቻቸው።

ጽዋቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። አንዱ ጎረቤት እንግዲያው ይውረድ አለ። ሌላው ከወንበሩ መነሳት ጀመረ።

«ተቀመጥ» አሉት ጋሼ ኦቫድያ። «ዳስ ላይ የተሰቀለ ነገር በዓሉ እስኪያልፍ የዳሱ ነው። ሕጉ ይሄ ነው። ማንም አይነካውም፤ እኔም ብሆን።» ጽዋቸውን ጠጡ። ከመጠጣት ሌላ ምን ያደርጋሉ፣ ራሳቸው ናቸው የሰቀሉት።

«የማን ነው?» አሉ እትዬ ፍሬሃ።

ከላይ ዘንባባው ይንሿሿል። እኔ ሳህኔ ላይ ያለውን ዓሳ አየሁ፤ ዓሳውም አየኝ። ነገሩ ጨርቅ ነው፣ ከመንገድ የተገኘ ነው ቢባል ያልፍ ነበር። ፎርቱና ያን ማለት ትችል ነበር። እኔም ሻንጣዬ ዝግጁ ነው።

«የእኛ ነው እማ» አለች ፎርቱና።

«የእናንተ የእነማን?»

«የእኔና የሐጊት።» አለች። «ሐጊት ተከራይ አይደለችም። ባለቤቴ ናት። ዓመቱን ሙሉ።»

እትዬ ፍሬሃ ለረዥም ጊዜ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ዓይናቸው እንደ እሷው ቡናማ ነው፤ መስታወቱን አስታወሰኝ።

«እኔስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከመጣሁ ወዲህ ተከራይ የአከራይዋን ካልሲ ስትሰፋ የት አገር ነው ያየሁት እያልኩ ነበር።» ሉድሚላ ሳቋን መያዝ አቃታት። እትዬ ፍሬሃ ግን አልሳቁም። «አንቺ ደግሞ በር ላይ ማን አስቀመጠሽ? ነፋስ ይመታሻል። ወዲህ ነይ።»

ነገሩ በዚያ ማታ አላለቀም። ልጃቸውን በማግስቱም ከዚያም በኋላ አላናገሯትም፤ ጨው ሲፈልጉ እኔን ይጠይቃሉ፣ ፎርቱና ስታቀብላቸው ደግሞ እኔን ያመሰግናሉ። ወጥ ቤት ሆነው ሲያለቅሱም ሰምቻለሁ። ሊሄዱ ሲሉ ግን ሁለታችንንም ሳሙን፤ እሷን ሁለት ጊዜ። ወንድሞቿ ነገሩን ለመልመድ ከሳቸው ይበልጥ ረዥም ጊዜ ወሰደባቸው።

ሻንጣዬን ባዶ ያደረገችው ፎርቱና ናት። ልብሶቼን አንድ በአንድ ወደ ቁምሳጥኑ እየመለሰች «ቤርሳቤህ ሙቀት ነው፣ አይስማማሽም» ትለኝ ነበር።

በዓሉ አልፎ ዳሱ ሲፈርስ በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ኦቫድያ ጨርቁን እንደ ወታደር ብርድ ልብስ አጣጥፈው ይዘውታል። መዶሻም ይዘዋል።

«ዳሱን አፍርሻለሁ» አሉ። «ይሄ ግን ዳስ አይደለም መሰለኝ። የሕንጻው ግድግዳ ስስ ነው፤ ሰው ሲጣላ ይሰማኛል። በረንዳው ላይ ሚስማር የት ልምታላችሁ?»

ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ከበረንዳችን የሚወርደው ለዳስ በዓል ብቻ ሆነ። ፀሐይ ቀይዋን በላቻት፤ ሌላ ቀይ ሰፋሁ። ቢጫዋን በላቻት፤ ሌላ ቢጫ። አንድ ጥር ላይ ዲክላ የምትባል ነርስ ከአውቶቡስ ሆና አየችውና በዝናብ ደረጃችንን ወጣች። ወንድሞቿ ስለምትወዳት ሴት ሰምተው ዕቃዋን መንገድ ላይ ጥለውት ነበር። ሰው ከቤቱ የሚባረረው በሰኔ ብቻ አይደለም። ሳሎን አነጠፍንላት፤ ጋሼ ኦቫድያ ማሞቂያቸውን አመጡላት፤ ሉድሚላ ሾርባ ይዛ መጥታ፣ ምክርም አስከትላ፣ ሦስታችንንም አደከመችን። ዲክላ ቤት አግኝታ ከወጣች በኋላም ዓርብ ዓርብ እራቷ እኛ ጋ ነው።

ፎርቱናማ ሌላ ሰው ሆነች። አውቶቡሱ ላይ ያልጠየቃትን ሁሉ «ባለቤቴ ናት» እያለች ታስተዋውቀኛለች፤ ትኬት የሚቆርጠውን፣ የተኛውን ሁሉ። በሌላ በኩል ሰልፍ ላይ ሰነፈች። አንድ ሰኔ ነይ እንሂድ ብዬ ብጎተጉታት እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ «አሥራ አንዱን ወር የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይሄን አንዱን ሌላ ሰው ይሥራው።»

ባለፈው ጥር ሳንባዋ ታመመ። ዲክላ ከሥራ ወጥታ እኛው ጋ ታድር ነበር። ፎርቱና እስከ መጨረሻው ታስቀን ነበር፤ ትንፋሽ ሲያጥራት በዓይኗ። ያረፈችው እጄን ይዛ ነው፤ እንደ ልማዷ ሳትለቅ።

ከቀብር ስንመለስ ሁለቱ ወንድሞቿ ኮታቸው በሐዘን ደንብ ተቀዶ ሳሎናችን ውስጥ በሐዘንተኛ አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ግን በርጩማ ያመጡት ለሁለት ሰው ነው። እኔን ማንም ቁሚም ቁጭ በይም አላለኝ። እንግዳው ይገባል፤ ሰው ሲገባ ሻይ ያስፈልጋል። እጄ ለብቻው ሄዶ ሻይ ያፈላ ጀመር። ትሪ ይዤ ከወጥ ቤት ስወጣ፣ ያቺ የዓሳ ድስት ይዛ የወረደችው ተከራይ ትዝ አለችኝ።

ጋሼ ኦቫድያ ያን ጊዜ ገቡ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ደረጃውን እያረፉ ነው የወጡት። በአንድ እጃቸው የተቀቀለ እንቁላልና ምስር፣ በሌላው አንድ አጭር በርጩማ። ከቀብር መልስ ሐዘንተኛ የመጀመሪያውን ምግብ ከጎረቤት እጅ ነው የሚበላው፣ ከራሱ ቤት አይደለም።

«ሐዘንተኛዋ የታለች?» አሉ።

ወንድሞቿ ተያዩ። ጋሼ ኦቫድያ በርጩማውን አስቀመጡና ትሪውን ከእጄ ወስደው ለሉድሚላ ሰጧት።

«ሐዘንተኛ ሻይ አታቀርብም። ቁጭ በይ።»

ታላቅ ወንድሟ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የራሱን በርጩማ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ መሃል ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ዲክላ መጥታ የሹራቤን አንገት በመቀስ ጀመረችልኝ፤ ቀሪውን እኔው ቀደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የተቀደደ ስሰፋ ኖሬ።

«ምስር አፍ የለውም፤ እንደ ሐዘንተኛ ነው ይባላል» አሉ ጋሼ ኦቫድያ ሳህኑን እየሰጡኝ። «አንቺና እሷ ግን መቼ አፍ አጥታችሁ ታውቃላችሁ? ብይ።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እንቁላሉን በላሁ። ውጭ ዝናብ ነበር፤ ጨርቁ በረንዳው ላይ እየረጠበ ይንጣጣል። ታናሽ ወንድሟ በመስኮት ተመለከተና ላስገባው እንዴ አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «ለምዶታል።»

ትናንት ሠርክ ላይ ጋሼ ኦቫድያ ከታች ሆነው በዱላቸው የደረጃውን ብረት መቱ። የዳስ በዓል ደርሷል። አሁን ዘንባባውን ወጥቶ የሚሰቅለው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ።

«ሐጊት! የምሥራቁ ግድግዳዬ የት አለ?»

አጥቤዋለሁ፣ ሰማያዊዋን ብቻ ሰፍቼ ልጨርስ አልኳቸው።