ያልደረቀችው የረግረግ ቅጠል

እኔ እንኳን ሙት ይመለሳል ብዬ ላምን፣ ባሌ በሕይወት ሳለ በሰዓቱ ይመለሳል ብዬም አምኜ አላውቅም። ግርማ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር፤ ዳቦ ግዛ ብዬ የላክሁት ሰው፣ እመኑኝ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በዳቦው ፌስታል ሣር ይዞ ይመጣል። ያመጣውን በጋዜጣ መሐል ያደርግና በሁለት ጣውላ አጣብቆ አስሮ ያደርቀዋል፣ ከዚያ የት፣ መቼና በማን እንደተለቀመ በእርሳስ ይጽፍበታል። «ቦታና ቀን የሌለው ቅጠል የከብት መኖ ነው» ይል ነበር።

ሲሞት አንዲቱ ሳትጠናቀቅ ቀረች፤ ረግረግ ላይ መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ የድመት ጭራ የመሰለ ዘንግ የምታቆም ትንሽ ተክል። ከሰበታ ያምጣት ከቡራዩ፣ ወይስ እዚሁ ከምንኖርበት ከሱሉልታ፣ አልጻፈም። በስድስት ወሩ፣ የደረቁ ዕፅዋት ከሚቀመጡበት ከሄርባሪየሙ አንድ ሰው ደውሎ ስለ እሷ ጠየቀኝ፤ ምንም እንዳልተጻፈባት ነገርኩት፦ «እትዬ፣ እሱ ከሰበሰባቸው እኛ ጋ የሌለች እሷ ብቻ ናት፤ ግን ቦታና ቀን ከሌላት በስሙ ልንመዘግባት አንችልም።» ልጅ የለንም፣ ስሙ የሚቀርበት ሌላ ቦታም የለም፤ እንዳለች ይዣት ሄጄ ልለምን ተነሣሁ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ግርግር ነው፤ ከተማው እየሰፋ የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ መንገድ ይዘጋል። ሚኒባሱ ብዙም ሳይሄድ ጉልበቴ ላይ ካስቀመጥኩት ጣውላ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የጭቃ ሽታም ሸተተኝ።

«እትዬ፣ ወተትዎ እየፈሰሰ ነው» አለችኝ አጠገቤ ያለችው።

«ወተት አልያዝኩም።»

ይህን ሳልጨርስ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ጠበቁን። ከወጣቶቹ አንዱ ጣውላውን አየ።

«ማዘር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቅጠል።»

«ቅጠል ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

ፈታው። ጠዋት ሳስረው ደረቅ ነበር፣ ቦታውም ቀኑም ባዶ ነበር፣ በመነጽር ሁለቴ አይቻለሁ። አሁን ግን ውሃው በልጁ ነጭ ስኒከር ላይ ይንጠባጠባል፣ ቅጠሏም አረንጓዴ ናት። ልጁ እግሩን ሰብስቦ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሱሉልታ፣ ከድልድዩ በታች ያለው ረግረግ፣ ከፍታ... ከፍታ! መሬት ለክተዋል! ፕላኑ ይሄ ነው!»

«ኧረ ልጄ፣ ፕላን ሥር አለው እንዴ?» አልኩ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፣ እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ ጽሑፉ የግርማ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ቀኑ ደግሞ የዚያኑ ዕለት።

ከረግረጉ ዳር የሚያርሱት ሽማግሌ፣ ኦቦ ጉተማ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» አሉኝና ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ዲሲ! ተው! የዚያ ጭቃ የሚቆፍረው ሰውዬ ሣር ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ መጥቶ ስለ ረግረጉ ሲጠይቀኝ ነበር። የተማረ ሰው በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ፣ አያሳፍርም?»

«ኦቦ፣ እሱ እኮ ሞቷል። ቀብሩ ላይ ነበሩ!»

ሽማግሌው አሰቡ። «ነበርኩ» አሉ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

የሳቀ የለም። ልጁ ጣውላውን ራሱ መልሶ አሰረልኝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ። ድንጋዩን በእግሬ ተሻግሬ፣ በሌላ መኪና ሄርባሪየሙ ደረስኩ።

ሰውየው ጽሑፉን አይቶ ላጲስ አቀበለኝ። «ቀኑ ተሳስቷል፣ የዛሬ ነው። ያጥፉትና በግምት ይጻፉ፣ አለዚያ አልቀበልም።»

ላጲሱን አስጠጋሁ። ግርማ ስንት ነገር ዋሽቶኛል፣ በቅጠል ግን ዋሽቶ አያውቅም።

«ቀኑ ትክክል ነው» አልኩ።

ቅጠሏን በጣቱ ነካት፣ ጣቱን አየ፣ በሱሪው ጠረገ፣ ሌላ ሳይጠይቅ በግርማ ስም መዘገባት።

አሁን በዚያ ድልድይ ሳልፍ፣ በረግረጉ በኩል ባለው መስኮት አልቀመጥም። የላስቲክ ቦቲውን ለወንድሙ ሰጥቼበታለሁ፤ በባዶ እግሩ አጎንብሶ ካየሁት፣ «ወራጅ አለ!» ማለቴ አይቀርም።