የመልከጼዴቅ ማኑቬላ

ጋሽ ካሳዬ በላንድሮቨሩ አፍንጫ ሥር በግራ ጎኑ ወድቆ ነበር። በማለዳ ያገኙት የጁባው ንያኩሮን ሰፈር ጎረቤቶች የመኪና ሸራ አልብሰውታል። የሻረግ ተንበርክካ ሸራውን ገለጠች። ከቀኝ ጆሮው በላይ ደሙ ደርቋል። እጆቹን አነሳች፤ አንጓውን፣ መዳፉን፣ ጣቶቹን አገላብጣ አየች። የጭነት መኪና መሪ ያጠነከራቸው እጆች ነበሩ፤ ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም። ሸራውን መልሳ ስታለብሰው ጠርዙን ከትከሻው ሥር ሸጎጥ አደረገችው፤ ብርድ እንዳይገባው እንደሚፈራለት በሽተኛ። ከዚያ ፈጥና ተነሳች።

«ከላስ፣ አለቀ፣ እትዬ» አለ የፖሊሱ ካፕቴን ያህያ። ጋምቤላ በስደት ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛውን እንደ አገሬው ይናገረዋል። «ነገሩ ግልጽ ነው። ማኑቬላው ወደ ኋላ ተራግጦ መታው።»

ማኑቬላው፣ ባትሪ በደከመ ጊዜ ሞተር በእጅ ተጠምዝዞ የሚነሳበት እንደ ክርን የታጠፈ ብረት፣ በፓራውልቱ ቀዳዳ ገብቶ እንደተንጠለጠለ ነበር።

«ታዲያ መካኒኩን በድሉን ለምን አሰርከው?»

«ትናንት ሞተሩን ፈትቶ የገጠመው እሱ ነው። ከጋሽ ካሳዬ ጋር ሲጨቃጨቁም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሆን ብሎ ሞተሩ እሳት የሚያገኝበትን ጊዜ አዛብቶ፣ እንዲራገጥ አድርጎ ነው የተወለት። ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ እስር ቤት አሳልፈዋለሁ። እዚያ ከገባ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ እኔም ላወጣው አልችልም።»

የመካኒኩ ሚስት ሩቲ ከግቢው በር አጠገብ ጄሪካን ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል። አታለቅስም፤ ዓይኗን የሻረግ ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

የሻረግ የኢንሹራንስ መኪና ጉዳት ገማች ናት። በኒሙሌ መንገድ የተጨራመተ መኪና ቢያመጡላት ሾፌሩ እንቅልፍ ወስዶት እንደሆነ ከብረቱ ታነባለች ይሏታል፤ ያህያም ብዙ ጊዜ አማክሯታል። ዛሬ ግን ያስጠራቻት የሟች ሚስት፣ በአንድ ጉባኤ አብራት የምታመልከው እትዬ ማናህሎሽ ነበረች።

ማኑቬላውን በመሀረብ ጫፍ ገፋ አደረገችው። እንደ ደወል ምላስ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

«የሞተሩ ቁልፍ የት ተገኘ?»

«ከሱሪው ኪስ።»

የመኪናውን በር ከፍታ ወደ ውስጥ አጎነበሰች። መሪው ቀይና አረንጓዴ የእጅ ሹራብ ለብሷል፤ ሥራው የድሮ፣ አለባበሱ አዲስ። ወለሉ ላይ፣ ከፍሪሲዮኑ በስተግራ፣ እግር ያነጣው ክብ የብረት መርገጫ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ረጅሙን መብራት ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ከመኪናው ፊት የተንጠለጠለው የሸራ ውሃ መያዣ እስከ አፉ ሞልቷል፤ አሁንም ያንጠባጥባል።

የጋሽ ካሳዬ ኮንቴይነር ከግቢው ጥግ ነው። ጁባ ውስጥ ማንም የማይፈልገው የመኪና ዕቃ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነበር። የመስኮት ማዞሪያ እጀታዎች፣ ክዳን ያላቸው መተርኮሻዎች፣ ሲግል ዘሎ የሚወጣ የሲጋራ መለኮሻ፣ አንገቱን የሚነቀንቅ የፕላስቲክ ውሻ፣ ለዳሽቦርድ የተሠሩ ዳንቴሎች። «ድሮ መኪና እጅ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ጣት ይበቃዋል» ይል ነበር ለጎብኚ ሁሉ። የሻረግ ከተደረደሩ የካሴት ማጫወቻዎች ፊት ቆመች። አንዱ አፍ ውስጥ ካሴት ተሰክቶ ቀርቷል። እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ሰበሰበችው፤ ወጣችም።

እትዬ ማናህሎሽ መኝታ ቤት ውስጥ የባሏን ሸሚዞች ታጥፋለች። የሻረግ ከአጠገቧ ተቀምጣ አንዱን ሸሚዝ አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

«ትናንት ማን ሊመጣ ነበር?»

«አልነገረኝም። እኔ ማታ ለአዳር ጸሎት ስወጣ መኪናዋን እያጠበ ያፏጫል። ለሠርግ የሚያሰናዳት ነው የሚመስለው።»

«የመሪውን ሹራብ ማን ሠራው?»

«የመልከጼዴቅ ሚስት፣ ነፍሷን ይማር። መኪናዋን የገዟት ካሳዬና ጓደኛው መልከጼዴቅ በጋራ ነው። መልከጼዴቅ መንገድ ላይ ሲሞት 'ለልጄ' ብሎ አደራ ሰጠው። ካሳዬ ልጁን ስንት ዓመት ፈለገ መሰለሽ! ሹራቧንም በሳጥን ቆልፎ አኖራት። በፋሲካ ነው ያገኘው፤ ብርሃነመስቀልን፣ አማራት ሰፈር ቢሮ የሚሠራውን። በእጄ አጎረስኩት፤ ልጅ የለኝም፣ ታውቂያለሽ።»

«ማኑቬላውን አንቺ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

ማናህሎሽ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። «አስነሺ እያለ ነው እንጂ የፈጀኝ! 'አውራ ጣትሽን ከሌሎቹ ጋር! አትጠቅልይ!' እያለ እንደ ሕፃን ይጮህብኝ ነበር። መልከጼዴቅ ያስተማረው እንዲያ ነው፤ ልጁንም ሳይቀር፣ ገና በእግሩ እንደቆመ።»

አሸናፊ ግቢው ውስጥ ስልኩን እየነካካ ይጠብቅ ነበር። አማራት ውስጥ ለመኪና ስክሪንና ካሜራ የሚገጥም ወጣት ነው፤ የኮንቴይነሩን ቦታ ለሱቅ ፈልጎ ከጋሽ ካሳዬ ጋር ተቃቅሯል።

«እኔን እንደሚጠረጥሩ አውቃለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «ለቅቀህልኝ ሂድ ብየዋለሁ። 'የሙዚየም ዘበኛ' ብዬም ሰድቤዋለሁ። እሱም 'የስክሪን እረኛ' ብሎኛል። እኩል ነን።»

«ማኑቬላው እንደሚራገጥ ታውቅ ነበር?»

«ብረት ይራገጣል እንዴ፣ እትዬ? በቅሎ ነው?»

«ሲወራ አልሰማህም?»

«ከካፕቴኑ ዛሬ ሰማሁ። የቆርቆሮ ታሪኩን ሲጀምር እኔ ሄጃለሁ፤ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ምናለ አንድ ቀን ብሰማው።»

ብርሃነመስቀል የመጣው ከሁሉም ኋላ ነበር። ማናህሎሽን አቅፎ አለቀሰ። ለሬሳው የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ይዞ መጥቷል። የቀኝ አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ጣትህን ምን ሆንክ፣ ወንድም ብርሃነመስቀል?»

«የቢሮ መኪና በር ነው፣ እህቴ። ትናንት ቆነጠጠኝ። ከሐዘኑ አንጻር ምን አላት!» ወደ ላንድሮቨሩ ቀና አለ። «የዚህች መኪና ሽታ ከአፍንጫዬ ወጥቶ አያውቅም። ዳሽቦርዷ ላይ የእናቴ ዳንቴል ነበር፤ መስተዋቷ ላይ ዘርፍ። አባቴ ሲመሽ ከመታጠፊያው ጀምሮ በጣቱ መብራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሰላም ይለኝ ነበር፤ እኔም በሩጫ እቀበለው ነበር። በዚህ ማኑቬላም ስንት ጠዋት አብሬው አስነስቻለሁ! ጋሽ ካሳዬን 'ይራገጣል፣ ተጠንቀቅ' እለው ነበር። አልሰማኝም።»

«ደስ የሚል ትዝታ ነው» አለች የሻረግ። ከዚያ ወደ ያህያ ሄዳ በድሉን እንዲያመጣው ጠየቀችው።

ሁሉም በግቢው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። በድሉ እጆቹ ታስረው ከፖሊስ መኪና ወረደ፤ ሩቲ ከጄሪካኑ ላይ ተነሳች እንጂ አልተጠጋችም። የሻረግ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጀመረች።

«ማኑቬላ የሚራገጠው ሞተሩ እሳት ሲያገኝ ነው። እሳት የሚያገኘው ደግሞ ቁልፉ ተከፍቶ ነው። ቁልፉ ግን ከሟች ኪስ ተገኘ። የተዘጋ ሞተር ሰው አይመታም፤ በድሉ እሳቱን ቢያዛባም ባያዛባም።»

«ታማም፣ ልክ ነው» አለ ያህያ ቀስ ብሎ። «ቀጥዪ።»

«ቢራገጥበት ኖሮ መጀመሪያ የሚጎዳው እጁ ነበር። እጆቹ ደህና ናቸው። ስለዚህ ሰው ነው የመታው፤ ከመታው በኋላም አደጋ እንዲመስል ማኑቬላውን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። በድሉ፣ ማኑቬላ እንዴት ይገባል?»

«ገፍተሽ ታዞሪዋለሽ፤ ከሞተሩ ጥርስ ጋር እስኪያዝ» አለ በድሉ። «ሲይዝ ቀጭ ይላል።»

«ይሄ አልያዘም፤ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በድሉ ቢሆን እንዲህ አይተወውም። እትዬ ማናህሎሽም አትተወውም። ያስገባው ሰው ማኑቬላ እንደሚራገጥ በወሬ ያውቃል፤ እጁ ግን አያውቅም።»

አሸናፊ እጁን አነሳ። «እኔ ወሬውንም አላውቅም ብያለሁ።»

«ብለሃል። ሰው ሊዋሽ ይችላልና በቃልህ ብቻ አላመንኩህም። ግን ጋሽ ካሳዬ የመልከጼዴቅን ሚስት ሹራብ ከሳጥን አውጥቶ መሪውን ያለበሰው፣ የመንገድ ውሃ የሞላው ለአንተ ነው? ትናንት የጠበቀው መኪናዋን ሊያስረክበው የፈለገውን ሰው ነበር።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ብርሃነመስቀል ዞሩ። ማናህሎሽ «የለም፣ እሱ ልጄ ነው» አለች።

የሻረግ ወደ እሷ ላለማየት ጥራ ቀጠለች። «የዚህች መኪና መብራት ዝቅ የሚለው በጣት አይደለም። ወለሉ ላይ፣ ከፍሪሲዮኑ በስተግራ፣ በእግር ነው። በዛሬ መኪና ነው ጣት የሚበቃው። አባቱን በዚያ መብራት የተቀበለ ልጅ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ልጆች የሾፌር እግር አያዩም። ማኑቬላውን ግን ይዞት አድጓል፤ የመልከጼዴቅ ልጅ አውራ ጣቱን አይጠቀልልም፤ ማኑቬላ ሲራገጥ የሚመታው የጠቀለለውን ጣት ነው። ወንድሜ፣ ፋሻህን ፍታው።»

አልፈታውም። ያህያ እጁን ይዞ ራሱ ፈታው። በር ቢቆነጥጠው የሚጠቁረው ጥፍሩ ንጹሕ ነበር። ያበጠው የአውራ ጣቱ ሥር ነበር፤ እብጠቱ እስከ አንጓው ወርዷል።

«የተራገጠው አንተን ነው» አለች የሻረግ።

ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል።

«ብርሃነመስቀል ጓደኛዬ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም አብረን ሸሸን። መንገድ ላይ ታመመ። ትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ የሚያወራው ስለዚህች መኪና ብቻ ነበር፤ ዳንቴሉ፣ ዘርፉ፣ ውሻው። ሲሞት ወረቀቶቹን ወሰድኩ። ሥራም በስሙ አገኘሁ። በዚያ ቢያበቃ ኖሮ... ጋሽ ካሳዬ አገኘኝና 'ልጄ' አለኝ። እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።»

«ትናንትስ?» አለ ያህያ።

«ማኑቬላውን ራሱ አያይዞ፣ ቁልፉን ከፍቶ 'አስነሳት' አለኝ። ጣቴን መታኝ። ሞተሩ ተነሳ፤ እሱ ግን ሞተሩን አላየም፤ እጄን ነው ያየው። ቁልፉን ዘግቶ ኪሱ ከተተና 'የመልከጼዴቅ ልጅ የት ነው?' አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት መሄድ ጀመረ። ማኑቬላው እጄ ላይ ነበር። ሁሉን ነግሮኝ ነበር፣ ብርሃነመስቀል። የአውራ ጣቱን ነገር ግን አልነገረኝም።»

ማናህሎሽ ከፊቱ ቆመች። ትመታዋለች ብለው ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ሊይዟት ተነሱ። እሷ ግን «የት ቀበርከው?» አለችው። «ያንን ልጅ የት ቀበርከው?»

«ድንበሩ አጠገብ፣ ሬንክ ከተማ ሳንደርስ። ከመንገዱ ዳር።»

«ምልክት አድርገህለታል?»

አንገቱን አቀረቀረ።

የበድሉ ካቴና ወደ እሱ ተዛወረ። ሩቲ ባሏን ስትይዘው ነው ያለቀሰችው፤ እሱም ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ብሏት በእንባዋ መሀል አሳቃት። ያህያ ማኑቬላውን በላስቲክ ጠቅልሎ ወሰደ። እስረኛው በፖሊስ ፒካፕ ሲሄድ ሬሳውን ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና በግቢው አልቀረም። አሸናፊ ከአማራት የኪራይ መኪና ልጥራ አለ።

«አይሆንም» አለች ማናህሎሽ። «በራሱ መኪና ይሄዳል።»

«ባትሪዋ ሞቷል፣ እትዬ» አለ በድሉ። «ቆይ እኔ ላስነሳት።»

«አንተ ሚስትህን ያዝ።»

ወንዶቹ ሬሳውን በሸራው ጠቅልለው ከመኪናዋ ኋላ ሲጭኑ፣ ማናህሎሽ ወደ ኮንቴይነሩ ገብታ ከመደርደሪያው ሌላ ማኑቬላ ይዛ ወጣች። የሻረግ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ በሹራቡ ላይ አንድ እጇን አሳርፋ ያህያ የተወላትን ቁልፍ ከፈተች። በመስተዋቱ ውስጥ የሸራው ጠርዝ ይታያታል። በፊት ለፊት ማናህሎሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አጎነበሰች። ማኑቬላው ገባ፣ ተገፋ፣ ዞረ፤ ቀጭ አለ።

አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ጋር አድርጋ ወደ ላይ ሳበች።