ካቆመ ከዜሮ

«አንቺ ነሽ የገደልሽው! ያንን ጄኔሬተር መስኮቱ ሥር የጎተተው ሌላ ማን አለ?»

«እትዬ፣ እኔ ከምሳ በፊት ነው የወጣሁት። ስወጣ መብራት ነበረ።»

መርማሪዋ በሩን ተደግፋ ጭቅጭቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ጉልበቷን ያማታል፤ ጡረታዋም ቀርቧል። የምትጮኸው የሟች ሚስት ናት፤ የምትጮኸውም ከሟች ጋር ትሠራ በነበረችው ወጣት መሐንዲስ ላይ ነው። ሟች የኮምፒውተር አንጎል የሆነውን ቺፕ ነዳፊ ነበር፤ ንድፉንም ማንም በነፃ ወስዶ እንዲሠራበት ይፈልግ ነበር። ትናንት ማታ እዚችው ክፍል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ሐኪሙ የጄኔሬተር ጭስ ነው አለ። ጄኔሬተሩ የወጣቷ መሐንዲስ ኃላፊነት ስለሆነ፣ እስር ቤት የሚጠብቀው እሷን ነው።

«ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ» አለ የሚስትየዋ ወንድም፣ ከትልቅ ኩባንያ ለቆ የሟች ሸሪክ የሆነው። «ልወጣ ስል ስትጎትተው አየኋት። ክፋት አስባ አይደለም። ቸልተኝነት ነው።»

«ሟች ድምፁን እንዴት አልሰማም?»

«የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጩኸት ስለሚያሰለቸው ጆሮውን በማዳመጫ ይደፍናል።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ንድፉን እንሽጠው እያለ ይለምነው ነበር» አለች ሚስት በወንድሟ ፈንታ። «ባሌ ነገ ለሁሉም ሊለቀው ነበር።»

መርማሪዋ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች። «ትናንት ጠዋት ተጀመረ፤ ትናንት ማታ ተጠናቋል» ይላል። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ንድፉን ሽቦ በሽቦ የሚደረድረው ፕሮግራም ነው» አለች መሐንዲሷ ዓይኗን እየጠረገች። «ነፃ ነው፤ ግን ኤሊ ነው። ጠዋት ያስነሱት ማታ ነው የሚያልቀው።»

«መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?»

«ከዜሮ። የደረሰበትን አያስቀምጥም። አንዴ ድመት ሶኬቱን ነቅላብን ሁለታችንም ልናለቅስ ምንም አልቀረንም። መጠባበቂያ ባትሪውም ከተቃጠለ ቆየ።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ የድሮው መሥሪያ ቤትዎ ውስጥስ ፕሮግራሙ እንዲህ ነበር?»

«እዚያማ የሚከፈልበት ነው» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ካቆመበት ይቀጥላል።»

«አመሰግናለሁ።» ወንበር ስባ በረጅሙ ተነፈሰች። «ይህ ሥራ ትናንት ጠዋት ተነስቶ ማታ አልቋል። መብራት ቢሄድ ኖሮ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማሽኑ ይጠፋ፣ ሥራውም ከዜሮ ጀምሮ ማታ ባላለቀ ነበር። ስለዚህ መብራት አልሄደም። ካልሄደ ደግሞ ጄኔሬተሩ የተነሳው ለጭሱ ብቻ ነው።»

«እሷ ልታስነሳው አትችልም?» አለ ወንድምየው።

«ትችላለች። ግን እሷ ብትሆን መብራት ሄደ ብላ አትዋሽም፤ ስክሪኑ እንደሚያጋልጣት ታውቃለች። ይህን ውሸት የሚዋሸው ፕሮግራሙ ካቆመበት የሚቀጥል የሚመስለው ሰው ነው። መብራት ሄደ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስትጎትት አየሁ ያሉትም እርስዎ።»

ወንድምየው ወደ በሩ ተራመደ፤ እዚያ የቆመ ፖሊስ መንገዱን ዘጋበት።

«ትናንት ማታ አጠገቤ ተቀምጠህ» አለች እህቱ ቀስ ብላ። «‹ዛሬ ደግሞ ቆየ› ስል፣ ‹ሥራ ይዞት ነው› አልከኝ። እራት አቅርቤልህ በላህ።»

ፖሊሱ እጁን ያዘው። ሌላው ማሽኑን ለማስረጃ ሊወስድ ወደ ሶኬቱ ጎንበስ አለ።

«ቢነቀል ሥራው ይጠፋል?» አለች መርማሪዋ።

«አሁንማ አይጠፋም» አለች መሐንዲሷ። «አልቋል።»

ማራገቢያው ዝም አለ። ሚስት ወንድሟ ላይ መጮህ ጀመረች፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። መሐንዲሷ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አንስታ በመካከላቸው አልፋ ወጣች።