ጅራታም ኮከብ የሌለበት ፎቶ

አቶ ሚደቅሳ በግቢያቸው የመብራት ቆጣሪ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን ተመትተዋል፤ የውጭው በር መወርወሪያ ብረት አጠገባቸው ወድቋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዱኛ መርማሪ እስኪመጣ አልጠበቀም። ገዳዩን አገኘ፣ አሰረ፣ ሪፖርቱንም ጽፎ ፈረመበት። ሰውየው ማሰብ የሚጠላውን ያህል መጻፍ ይወዳል።

በሪፖርቱ ገዳይ የተባለው እዚያው ግቢ የሚኖረው ፈቃደ ነው፤ የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ ዝንብ እንኳ እሽ ለማለት የሚያፍር ሰው። ወንጀሉ ማታ ካሜራ ይዞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ነው። «ለፀረ አብዮት ኃይሎች ምልክት ሲሰጥ ሟች ስለደረሱበት» ይላል ጽሑፉ። ያን ሚያዝያ አገር ምድሩ ስለ ጅራታሙ ኮከብ ሲያወራ፣ ጓድ አዱኛ ቀና ብሎ ሰማይ ያየበት ቀን የለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሪፖርቱና ፈቃደ አብረው ወደ ላይ ይላካሉ። በ1978 ደግሞ ወደ ላይ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

መቶ አለቃ ወይንሀረግ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረሰች። አጭር ናት፤ የደንብ ልብሷ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል፤ ሰው የምታከብረው ደግሞ መርጣ ነው። ሪፖርቱን አንብባ መለሰችለት።

«የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለችው። አዱኛ ምስጋና መስሎት ፈገግ አለ።

ፈቃደን የቀበሌው መጋዘን ውስጥ በጆንያዎች መሃል አገኘችው። ሰማይን ፎቶ ሲያነሳ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገራት። ካሜራውን ያዋሱት ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሽ ኑሪ ናቸው። ኑሪ እንዳስተማሩት ካሜራውን ጣሪያው ላይ አስደግፎ፣ ለአምስት ደቂቃ ከፍቶ፣ ዘግቶ ወረደ፤ ከሦስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ አልጋው ላይ ነበር። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከጫማው አላነሳም፤ ጆሮው ቀልቷል። መቶ አለቃዋ መዋሸቱን ወዲያው አወቀች። ምን ይሆን የሚያሳፍረው ብላ ግን ገረማት።

ጎረቤቲቱ ወይዘሮ እንዳለች በርበሬና ቅመም እየለቀሙ የሚያድሩት የግቢው አምፖል ሥር ነው። ማታ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን አቶ ሚደቅሳ «ለዚህ ልጅ ኮከብ» ብለው አምፖሉን ከቆጣሪው እንዳጠፉባቸው፣ እሳቸውም «ክፉ ሽማግሌ» ብለው እንደተሳደቡ ሳይደብቁ ተናገሩ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን መሰላሉ ሲንቋቋ ሰምተዋል። ፈቃደ ሲወርድ ነው።

«ሰዓቱን እንዴት እንዲህ ለዩት፣ እትዬ?»

«አምሳሉን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱብኝ ወዲህ ምን እንቅልፍ አለኝ፣ ልጄ። ሰዓት ስቆጥር ነው የማድረው» አሉ። አንድ ልጃቸው ነው፤ ከተወሰደ ሃያ ቀኑ።

ሦስተኛው ቃል ሰጪ የቀበሌው ጥበቃ ደጉ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ጠመንጃውን በውሾች ላይ ሲደግን ነው። እንደ እሱ ቃል፣ አምስት ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ሲያልፍ ጩኸት ሰማ፤ በቀዳዳው ባትሪውን ሲያበራ ፈቃደ ወደ ቤቱ ሲሮጥ አየ። ብቻውን ስለነበረ ግን ግቢው ውስጥ እግሩን አላስገባም። ይህን የሚያወራው ደረቱን ነፍቶ ነው፤ ደንብ ልብስ ለብሶ በፍርሃቱ የሚኮራ ሰው መቶ አለቃዋ ብዙ አይታለች። ባትሪውን ተቀብላ አገላበጠችው። ባለ ሦስት ድንጋይ፣ አዲስ፣ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ነው። በግቢው ውስጥ ሌላ ባትሪ ያለው እንደሆነ ወይዘሮ እንዳለችን ጠየቀች። የለም፤ ከሻማ በቀር ማን ምን አለው?

ከዚያ ካሜራውን ይዛ ወደ ጋሽ ኑሪ ሄደች። ሽማግሌው ፊልሙን አጥበው፣ አትመው፣ ገና እርጥብ እንዳለ አዩትና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ኮከቡ በደቡብ ነው አልኩት፤ ወደ ሰሜን አዞረው። ቀና አድርገው አልኩት፤ ግማሹን ግቢ አነሳው። አምስት ደቂቃ አልኩት፤ ይኸው ኮከቦቹ መስመር ሆነው! እንዲህ ያለ ደደብ ፎቶ በሠላሳ ዓመቴ አላየሁም።»

«ለስንት ሰዓት ከፍቶት ቆየ?»

ኑሪ የተማሪ ማዕዘን መለኪያ አምጥተው በመስመሩ ላይ ጫኑ። ሰማይ በቀን አንድ ዙር ይዞራል፤ መስመሩ የዙሩ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሆነ። ሰዓት ተኩል ማለት ነው። መቶ አለቃዋ ግን የምታየው የፎቶውን ታች ነበር፤ አንስታ በጋዜጣ ጠቀለለችው።

ወደ ሟች ቤትም ገባች። አቶ ሚደቅሳ ዕድሜያቸውን ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። የዚህ ሙያ ሰው ለእግዚአብሔር ቢጽፍ እንኳ ቅጂ ሳያስቀር አይልክም። የአንድ አቤቱታ ቅጂ ከፍራሹ ሥር አገኘች፤ ዋናው ግን በቤቱም በሟች ኪስም የለም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ጓድ አዱኛ ሪፖርቱን በጉያው ይዞ ሰዓቱን ያያል።

«ፈቃደ፣ ስንት ሰዓት ወረድክ?»

ፈቃደ እንደገና ጫማውን አየ።

«አንተ ሰውዬ፣ ገዳይ ከመባል እንቅልፋም መባል ይብስብሃል?»

«ተኝቼ ነበር» አለ ፈቃደ። «ከፈትኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ጋሽ ኑሪ ይስቁብኛል ብዬ ነው።»

«ከእግሩ ሥር ሰው ሲገደል ያንኮራፋ ነበር» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ። «አምፖሉ የጠፋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ፎቶው ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ቆይቷል። ወይዘሮ እንዳለች መሰላሉን የሰሙትም ያኔውኑ ነው። ሦስቱ ገጥመዋል፤ ስለዚህ ከሦስት እስከ አራት ተኩል ግቢው ውስጥ የበራ ነገር ሁሉ እዚህ አለ። ይመልከቱ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከላይ ያሉት መስመሮች ጎባጣ ናቸው፤ ኮከቦች ናቸው። ይህ የታችኛው ግን ከበሩ ተነሥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ቆጣሪው ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ይቆማል፣ ተመልሶ በበሩ ይወጣል። ኮከብ በር ከፍቶ አይወጣም።»

አዱኛ ፎቶውን ዘቅዝቆ ነበር የያዘው፤ አቃናችለት።

«በሌሊት በር ሲንኳኳ ዛሬ ማን ይከፍታል? ማንም። ለአንድ ሰው ብቻ ይከፈታል፤ እምቢ ለማይባለው። አቶ ሚደቅሳ መወርወሪያውን ራሳቸው አነሱለት። ሰውየው ጨለማውን አይቶ አምፖሉን አብሩ አላቸው። ቆጣሪው ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሲሰጡት በብረቱ መታቸው። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት ወስዶ ወጣ። ደጉ፣ እግሬን አላስገባሁም ብለህ ነበር።»

«ባትሪ የያዘ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለ ደጉ።

«ሟች እሁድ በቀበሌው ስብሰባ የሚያነቡት አቤቱታ ነበራቸው። የዋህ ስለሆኑ አስቀድመው ነገሩህ። አንድ ሰው ወንድሙን ከውትድርና ዝርዝር አውጥቶ፣ በምትኩ የድሃ ልጅ አስገብቷል ይላል። ዋናውን ወስደሃል፤ ቅጂው ግን እዚህ ነው።»

«ውሸት ነው! አምሳሉን እኔ አላስገባሁም!»

ሁሉም ወደ ደጉ ዞሩ።

«የልጁን ስም እኔ አላነሳሁም» አለች ወይንሀረግ ቀስ ብላ። ወረቀቱንም ዘርግታ ለሁሉም አሳየች። የአምሳሉ ስም በአቶ ሚደቅሳ ጥንቁቅ ጽሕፈት ተጽፏል።

ወይዘሮ እንዳለች ባሉበት መሬት ላይ ተቀመጡ። «ለእኔ ልጅ?» አሉ። «እኔ ክፉ ሽማግሌ እያልኩት?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለ ድምፅ አለቀሱ።

ደጉን ሁለት ፖሊሶች ወሰዱት። መቶ አለቃዋ ሪፖርቱን እንዲቀድ ለጓድ አዱኛ ነገረችው። እሱ ግን ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ንጹሕ ነው። ብዕሩን አውጥቶ፣ በንቃቱ እንዴት ነፍሰ ገዳይ እንደያዘ በዚያው ባማረ ጽሕፈቱ መጻፍ ጀመረ። አቤቱታውን ግን አላገኘውም፤ ወይንሀረግ በኪሷ ይዛው ወጥታለች፣ የምትሰጠውም ለእሱ አይደለም።

በሳምንቱ ፈቃደ፣ ጋሽ ኑሪ በስድብ አጅበው ደግመው ባዋሱት ካሜራ፣ በዚህ ጊዜ ወደ ደቡብ ዞሮ ጣሪያው ላይ ወጣ። አምፖሉ እንዲጠፋለት ለመለመን ድፍረቱ አልነበረውም፤ ከታች ወይዘሮ እንዳለች በርበሬያቸውን ዘርግተዋል። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ እንዳለች ተነሡ፣ ወደ ቆጣሪው ሄዱ፣ አምፖሉን አጠፉት።

«በል አንሳ» አሉት። «እንዳትተኛ ደግሞ፤ እኔ ሰዓቱን እቆጥርልሃለሁ።»