ዓይን ታስሮ የተሳለ ሥዕል

የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ጋለሪ ኃላፊ ከፎቁ ሥር፣ ምድር ቤቱ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሞታ ተገኘች። ያገኘቻት የዕለቱን ዎርክሾፕ የምትመራው ወጣት መምህርት ናት። ከላይ ሆና ቁልቁል አየች፤ አልጮኸችም። ወደ ክፍሉ ተመልሳ ሙዚቃውን አጠፋችና «አንዳችሁ ፖሊስ ጋ ደውሉ» አለች። ድምፅዋ ወረቀት አምጡልኝ የምትል ይመስል ነበር።

የመጣችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» ይሏታል። ሰው ሁሉ ተስማምቶ ሊነሣ ሲል እሷ «ቆይ ቆይ፣ አንዴ» ስለምትል ነው። አለቃዋ «ይህች ሴትዮ እኔን ሲቀብሩኝም ሬሳውን ቆይ ሳትል አትቀርም» እያለ ያማታል። በዚያ ዝናባማ ከሰዓት ግን አለቃው ለማማትም አልፈለገም። ሴትዮዋ ወድቃለች ወይም ራሷን ወርውራለች፤ መዝገቡ ይዘጋ ባይ ነው።

ነገሩ ከላይ ሲታይ እንደዚያው ነበር። ጋለሪው በየሳምንቱ ነፃ ዎርክሾፕ፣ አልፎ አልፎም ነፃ ንግግር ያዘጋጃል። ነፃ ሲባል ሰው ይጎርፋል ይባላል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ነፃውም ይረሳል። የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አንድ ስመ ጥር ሠዓሊ፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና የሟቿ ልጅ። የዕለቱ ሥራ ዓይንን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ አስሮ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ዕቃ በእጅ እየዳሰሱ መሳል ነው። መምህርቷ ማንም ሰርቆ እንዳያይ ብላ መጋረጃውን ጋረደች፣ መብራቱን አጠፋች፣ በሩን ዘጋች። ሙዚቃውን ከፍ አድርጋ የራሷንም ዓይን አሰረችና አንድ ቁልፍ እየዳሰሰች መሳል ጀመረች። «በቃ፣ ጨርሱ» ብላ ጨርቋን ስትፈታ በሩ ተከፍቶ አገኘችው። ልትዘጋው ስትሄድ ነው ቁልቁል ያየችው።

ዘበኛው ከዋናው በር ንቅንቅ አላለም። ከአራቱና ከሟቿ በቀር ሕንፃው ውስጥ ማንም እንዳልነበረ ይምላል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ወደ ፎቁ መተላለፊያ ወጣች። ሟቿ ዎርክሾፕ ባለ ቁጥር እዚያ የብረት መከለያ ላይ ተደግፋ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። አጭር ናት፤ መከለያው ደረቷ ድረስ ይመጣል። መርማሪዋ ተንበርክካ የታችኛውን አግዳሚ ብረት ጫፍ በጣቷ ነካችው። ጣቷ በአቧራ ጠቆረ። ብረቱ ላይ አቧራው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነበር፤ የጫማ ምልክት የለበትም።

«ምን አገኘሽ?» አለ አለቃዋ።

«አቧራ» አለችው፤ ወደ ክፍሉም ገባች።

አራቱን አንድ በአንድ አነጋገረች። መምህርቷ ቀድማ መጣች።

«አንቺ ዓይንሽን ለምን አሰርሽ?»

«እነሱ ታስረው እኔ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ነውር መሰለኝ።»

«ሰው ሲነሣ አልሰማሽም?»

«ወለሉ ምንጣፍ ነው። ሙዚቃውም አለ። ሰው ቢጮህ እንኳ...» ሰው መጮህ አለመጮሁን እንደማታውቅ ያኔ ገባት።

የጥርስ ሐኪሙ የደረሰው ዕቃ ጫማ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ጫማ አይታይም፤ ጥልቅ ዋሻና ጫፉ ላይ አምስት ጉድጓዶች አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው ዶክተር?»

«ጫማው ከውስጥ። እጄን ስከተው ጣቶቹ ያረፉበትን አገኘሁ። እኔ ምን ላድርግ፣ ቀኑን ሙሉ አፍ ውስጥ ውዬ የማየው ሁሉ ከውስጥ ነው።»

«ከሟቿ ጋር ትግባባላችሁ?»

«በጣም። ሰሞኑን እንዲያውም ደስ ያለኝን ነገር ነግሬያት ተናደደችብኝ። የሠዓሊውን ኤግዚቢሽን ሄጄ ሳይ የኔን ኩባያ አገኘሁት፤ ከውስጥ የሳልኩትን፣ አፉን የከፈተውን። እዚህ ሥዬ ትቼው የሄድኩት ነው። እሳቸው በትልቁ፣ በቀለም ሠርተውታል። እኔ ኮራሁ። እሷ ግን ሰው ትቶት የሚሄደው ወረቀት የሚቀመጥበትን መሳቢያ ከፍታ ሁሉንም ስታገላብጥ ዋለች። ‹የሚቀጥለው ንግግር የኔ ነው፤ እስከዚያ ለማንም አትናገር› አለችኝ።»

ሠዓሊው ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነው። መምህርቷን ያስተማራት እሱ ነው፤ ልጅቷንም ከሕፃንነቷ ያውቃታል፤ ሁለቱም ጋሼ ይሉታል። የደረሰው ዕቃ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር።

«ጨርቁን አንዴም አልፈቱም?»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዓይኔ ኖሬ አንድ ከሰዓት በእጄ መኖር ያቅተኛል?»

«ታዲያ ያዩት ነገር የለም።»

«ምንም። በሩ መከፈቱንም መምህርቷ ስትናገር ነው የሰማሁት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናትና ልጅ ጠዋት ተጣልተዋል። ልጅ ናትና አትጨክኑባት።»

እንዲህ ያለ ርኅራኄ መርማሪዋ ብዙ ጊዜ ሰምታለች። መጨረሻው ሁልጊዜ ጥቆማ ነው።

የልጅቷ ወረቀት ባዶ ነበር። እርሳሱ ያረፈበት አንድ ነጥብ ብቻ አለ።

«ለምን አልሳልሽም የኔ ልጅ?»

«እንጃ። እጄ እንቢ አለኝ።»

«ጠዋት ምን ተባባላችሁ?»

«‹ለመንገደኛው ሁሉ ጊዜ አለሽ፤ እናት ከሌላቸው በምን እሻላለሁ?› አልኳት። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከሰዓት ልታረቃት መጣሁ፤ ቢሮዋ አጣኋት። እስክትመጣ ብዬ ከነሱ ጋር ተቀመጥኩ። መምጣቴን ሳታውቅ ሞተች።»

እንባ የላትም። ጉዳዩ የሌላ ሰው ይመስል እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታወራለች።

«ብታስሩኝ ግድ የለኝም» አለች። «ራሷን ወርውራ ከሆነ በኔ ቃል ነው። እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

በማግስቱ አራቱም በዚያው ክፍል፣ በየወንበራቸው ተቀመጡ። አለቃውና ዘበኛው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። መርማሪዋ አራቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ማንቆርቆሪያውንም ሠዓሊው ፊት እንደነበረው አስቀመጠችው።

«ልጅቷ ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝን ልመልስላት» አለች። «እናትሽ ራሷን አልወረወረችም። መከለያው ደረቷ ድረስ ነው፤ ለመሻገር የታችኛው ብረት ላይ መቆም ነበረባት። ብረቱ ላይ ያለውን አቧራ ማንም አልረገጠውም። ተደግፋ ሳለችም ደረት ከሚደርስ ብረት ላይ ሰው አዳልጦት አይወድቅም። አንስቶ የጣላት ሰው አለ። እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዱ።»

ልጅቷ ቀና አለች። ሌላው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

«ወረቀቶቹን እንይ። ዶክተሩ ጫማውን ከውስጥ ሣለው፤ እጁ እዚያ ገብቶ ነበርና። የመምህርቷ ቁልፍ መስመሩ ተንከራትቶ ከወረቀቱ ወጥቷል፤ ያላየ እጅ እንዲህ ነው። የልጅቷ ባዶ ነው፤ ለማምለጥ የሚሻ ሰው ባዶ ወረቀት አያስረክብም። አራተኛው ይሄ ነው።» የሠዓሊውን ወረቀት አነሣች። «መስመሩን ሆን ብለው አንቀጥቅጠውታል። ግን ማንቆርቆሪያው ጥላ አለው። እጅ ጥላን ከየት ያውቀዋል? ቢዳስሱት አይገኝም።»

«ልማድ ነው» አለ ሠዓሊው። «ያለ ጥላ ሥዬ አላውቅም። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት።»

«ቆይ ቆይ። ለመሆኑ እዚህ ክፍል ብርሃን በየት ነው የሚገባው?»

«ከበሩ ትይዩ ባለው መስኮት።»

«ከጭንቅላት ከሆነ ጥላው ወደ በሩ ይወድቅ ነበር፤ የእርስዎ ግን ወደ መስኮቱ ነው። መምህርት፣ መጋረጃውን ጋርጂልኝ። መብራቱንም አጥፊና በሩን ክፈቺ።»

ክፍሉ ጨለመ፤ ከመተላለፊያው የገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ አረፈ። የማንቆርቆሪያው ጥላ ወደ መስኮቱ ተዘረጋ። የእጀታው ቀዳዳ በጥላው መሃል ክብ ብርሃን ሠራ፤ የክዳኑ ጉብታ ደግሞ በጠረጴዛው ጠርዝ ተቆረጠ። መርማሪዋ ወረቀቱን ከጎኑ አኖረችው። ክቡም አለ፤ ጉብታውም እዚያው ላይ ተቆርጧል።

«ይህ ጥላ በሩ ካልተከፈተ አይኖርም» አለች። «መምህርቷ በሩን ዘግታ ጀመረች፤ ስትጨርስ ተከፍቶ ነበር። በመሃል የከፈተው የገደለው ሰው ነው። እርስዎ ያንን ብርሃን በዓይንዎ አይተዋል። እንግዲህ ወይ ገዳዩን አይተው ደብቀውኛል፣ ወይ ራስዎ ነዎት። ያዩት ነገር እንደሌለ ደግሞ በአፍዎ ነግረውኛል።»

ወረቀቱን ወደ ሠዓሊው ገፋ አደረገችው።

«ሲመለሱ ወረቀትዎ ባዶ ነበር። ስለቸኮሉ እጅዎን በጨለማ አላመኑትም፤ ለማየት በሩን ክፍት ተዉት። እየሣሉ ሳለ መምህርቷ ‹ጨርሱ› አለች። ጨርቁን ወደ ዓይንዎ ለመሳብ እንጂ በሩን ለመዝጋት ጊዜ አልነበረዎትም። ምክንያቱንም ዶክተሩ ሳያውቀው ነግሮኛል። ሟቿ በንግግሯ ላይ ከኤግዚቢሽንዎ ሥዕሎች ጎን የዎርክሾፑን ተሳታፊዎች ወረቀት ልትሰቅል ነበር። ትናንት ቢሮዋ ጥግ ላይ ከሥዕሎችዎ ፎቶ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረው አገኘኋቸው።»

ሠዓሊው ማንቆርቆሪያውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ትተውት የሄዱት ነው» አለ። «በነፃ ገብተው፣ በነፃ ሥለው፣ ረስተውት ሄዱ። እኔ ደግሞ ምንም መሳል ካቃተኝ ቆይቷል። የተጣለ ነገር ባለቤት አለው?»

«ቢጠይቁኝ እኮ እሰጥዎት ነበር» አለ የጥርስ ሐኪሙ። ቁጣ የለበትም፤ የገረመው ሰው ድምፅ ነበር።

መምህርቷ መጋረጃውን ልትገልጥ ተነሣች፤ ግን መጋረጃውን ይዛ ቆማ ቀረች። አለቃው ካቴናውን አወጣ። ከትናንት ጀምሮ ከተጠየቀችው በቀር አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው ልጅ የተናገረችው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ምን አለችህ?»

«ተዪው።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

ሠዓሊው እጁን ለካቴናው ዘርግቶ፣ እሷን ሳያይ መለሰ። «ወረቀቶቹን ቢሮዋ ተደርድረው አይቼ ነበር፤ ልለምናት ነው የወጣሁት። ንግግሩን ተዪው፣ አታዋርጂኝ አልኳት። ‹ቀስ ብለህ አውራ፤ ልጄ እውስጥ ናት› አለችኝ። ‹ከታች ሆኜ ደረጃውን ስትወጣ አየኋት፤ እኔን ፍለጋ ነው የመጣችው። ዛሬ ከሷ በቀር የማናግረው ሰው የለም፤ ያንተን ነገ› አለችኝ። ይህን ብላ ወደ በሩ ዞረች።»

«ተቆጥታ ነበር?»

«አይ» አለ። «ደስ ብሏት ነበር።»

ልጅቷ «አይታኛለች» አለች። ማንንም አልነበረም የነገረችው። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።