የባዳቾ ሻርፕ

አቶ ባዳቾ፣ ሻንቶ ከተማ ባለው ቤታቸው ሞተው የተገኙት አፋቸውን በሻርፕ እንደሸፈኑ ነው። ራስጌያቸው የአይጥ መርዝ ዝቃጭ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጧል። የታችኛው ከንፈራቸውን ካንሰር ሶዶ ሄደው አስወጥተው፣ አዲስ ከንፈር ተሠርቶላቸው ከተመለሱ ወዲህ አፋቸውን ለጠያቂ አሳይተው አያውቁም። ሰፈሩ መጀመሪያ «መልካቸው ቢበላሽ ራሳቸውን አጠፉ» አለ፤ ውሎ ሳያድር ጣቱን ወደ ሚስታቸው ወደ ሽታዬ ቀሰረ።

ኢንስፔክተር ትዕዛዝ፣ ስሟ ይህ ይሁን እንጂ ከማዘዝ ማድመጥ የሚቀናት ሴት፣ ሻርፑን ገለጥ አድርጋ ብዙ አየችና መልሳ ሸፈነችው። መስኮቱ ላይ የተጋደመውን የመጠጫ ስትሮ በላስቲክ ጠቅልላ ያዘች።

ሽታዬ የምትመግባቸው እሷ ብቻ መሆኗን አልካደችም። ሲያማቸው እርዳታ ልትጠራ ሮጣ ስትመለስ ሞተው አገኘቻቸው፤ ስለ ብርጭቆው አታውቅም። ስለ ከንፈራቸው ስትጠየቅ ግን «ለማንም ላልናገር ምዬላቸዋለሁ» ብላ ዘጋች። እስሩን ሳይሆን መሐላዋን የፈራች ትመስል ነበር።

ከሟች ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረው ጎረቤት ወልደመስቀል ደጃቸውን ረግጦ እንደማያውቅ ተናገረ። «አስፋልት ዳር ያለውን የእንሰት ጓሮ እንሽጠው እያለ የሚጨቀጭቃቸውን ወንድማቸውን ጠይቂ» ሲልም አከለ።

ታናሽየው ሀብታሙ በየማለዳው የላም ወተት ይዞ ሲጠይቃቸው የከረመ ነው። «ጋሼን በመስኮት አየሁት» አለ እንባውን እየጠረገ። «ብርጭቆውን አንስቶ ጨለጠው። ሮጬ ብገባም አልደረስኩለትም።»

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ትዕዛዝ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ሀብታሙ፣ ከሕክምናው በኋላ አፋቸውን አይተውታል?»

«ሁልጊዜ ይሸፍነው ነበር።»

«እኔ አይቻለሁ፤ ሐኪሙንም ጠይቄያለሁ። ከላይኛው ከንፈር ቆርጦ፣ ሥሩን ሳይበጥስ ወደ ታች አዙሮ ሰፍቶላቸዋል። ቁራጩ በአዲሱ ቦታው ደም ማግኘት እስኪጀምር ሁለቱ ከንፈሮች መሐል ለመሐል እንደተያያዙ ይቆያሉ። እንዲህ የሆነ ሰው ብርጭቆ አይጨልጥም፤ በአፉ ጥግ በስትሮ ነው የሚጠጣው። ይህን የምታውቀው ሽታዬ ናት። እሷ ብትሆን ኖሮ ብርጭቆ አታስቀምጥም ነበር።»

ሀብታሙ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ፣ በዓይኑ ማየቱን ደገመ።

«ስትሮው ውስጥ መርዝና ወተት ተገኝቷል» አለች ትዕዛዝ። «ወተቱን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ብርጭቆውን ያስቀመጡትም እሷ ስትወጣ ጠብቀው ነው።»

ሀብታሙ አቀረቀረ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ነፃ የወጣችው ሽታዬ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «ስትሮውን አፋቸው ጥግ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «አልጠጣም ሲሉኝ፣ ለእኔ ሲሉ አልኳቸው።»

ትዕዛዝ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።