ሁለት ጊዜ የተከፈተ ገጽ

የአየር ማስወጫው ዝም ማለቱን ረዳቷ ያስተዋለችው ጠዋት ላቦራቶሪው ገብታ የዶክተሯን ትከሻ ከነካች በኋላ ነው። ትከሻው ቀዝቅዟል። ማስወጫው ላይ የታሰረችው፣ ስትውለበለብ የምትውለው ቀይ ክር ቀጥ ብላ ተንጠልጥላለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ናሙናዎቹ በደረቅ በረዶ ውስጥ ይቀመጣሉ። በረዶው ሲተን የሚተነፈሰውን አየር ስለሚያባርር ማስወጫው ለአፍታም አይጠፋም።

የፖሊስ መርማሪዋ ስትደርስ የምርምር ተቋሙ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ማስወጫውን የምትቆጣጠረው ረዳቷ ናት» አለ ሳይጠየቅ። «እኔ እዚህ ከገባሁ ወር አልፎኛል።»

የረዳቷ እናት ሁለት የተለያየ ጫማ አድርጋ መጣች። «አውቄዋለሁ! ልጄን ሊያስሩብኝ ነው!»

«እማዬ፣ ሁሌ እንደቀበርሽኝ ነው። ዛሬ የሞተችው ሌላ ሰው ናት።»

የሟች ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊቱን ምድጃው አጠገብ ነበር፤ ባልደረቦቹ አይተውታል። ዱቄቱ እጁ ላይ እንዳለ ተቀምጧል።

«ባለቤትዎ ጠላት ነበራቸው?»

«ለጠላትም እኮ የሚያውቅሽ ሰው ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት የደረቀ የድንጋይ ሽበት፣ ያ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው፣ ውሃ እየሰጠች ‹ይነሳል› ትል ነበር። በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ስለ እሱ ገጽ ጽፋለች። ማንም አያነበውም። ኃላፊው ደግሞ ሕዝብ የማያነበው ጥናት ይዘጋል ብሏታል።»

መርማሪዋ ረዳቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት። «ትናንት ስትወጪ ሽበቱ ምን ይመስል ነበር?»

«ቡናማ፤ እንደ ደረቀ ሻይ ቅጠል። ማታ ግን አረንጓዴ ሆኖ ፎቶው ገጹ ላይ ወጣ። በቅጽል ስም ነው የተለጠፈው። አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ያልታተመ ውጤት አይለጠፍም። ዶክተሯ በዚህ አትቀልድም። ጠዋት ልነግራት ነበር።»

መዝገበ ዕውቀቱ የተሰረዘውንም ያስቀምጣል። መርማሪዋ ፎቶውን አውጥታ ዳር ዳሩን ስታይ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ትናንት ማታ አንድ ፎቶ ተለጥፎ ነበር» ብላ ጀመረች።

«ያጠፋችው እሷ ናት!» አለ ኃላፊው። «ማስረጃ ለምን ታጠፋለች?»

«መጥፋቱን አልነገርኩዎትም።»

«ትናንት ማታ አይቼዋለሁ፤ እንደ ማንኛውም አንባቢ።»

«ገጹ ትናንት የተከፈተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ የለጠፈው፣ ሁለተኛዋ ያጠፋችው። የዶክተሯ ስልክ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ባትሪ አልነበረውም። ፎቶ ከገጹ ሲሰረዝ መልእክት የሚደርሰው ደግሞ ለለጠፈው ነው። ሕዝቡ ቢያነበው ኖሮ በመሀሉ ይደበቁ ነበር። አላነበበውም።»

ፎቶውን አስቀመጠችለት። ከሽበቱ ጀርባ ቀይዋ ክር ቀጥ ብላ ተንጠልጥላለች።

«ፎቶውን ሲያነሱ ማስወጫው ጠፍቶ ነበር። ለምን አጠፉት?»

ኃላፊው ተቀመጠ። «ቪዲዮም ቀርጬ ነበር። የማስወጫው ጩኸት ድምፄን ስለዋጠው አጠፋሁት። ሰው ቢያየው ጥናቱ አይዘጋም ብዬ ነው። አይለጠፍ ብላ ለመነችኝ፤ ተጨቃጨቅን። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ማስወጫውን ረሳሁት።»

«ጠዋት ግን አስታወሱት። አስታውሰው ይችን ልጅ ሰጡን።»



«ክሩን ያሰርኩላት እኔ ነኝ» አለ ባልየው፣ ለማንም ሳይሆን። «ሽበቱን እያየች ክሩን አላየችም።»

አመሻሹ ላይ እናትየዋ ልጇን ከጎኗ ሳትለቅ ቤት ገባች። ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ከፈተች።

«ዜናው ከተሰማ ወዲህ ገጹን አርባ ሺህ ሰው ከፍቶታል።»

«ስለ ሽበቱ ምን አሉ?»

«ምንም። እንዴት እንደሞተች ነው የሚጠይቁት።»

እናትየዋ ስልኩን ከእጇ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። መስኮቱን በትንሹ ገርበብ አደረገች፤ አየር እንዲገባ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ቁልፉን ሁለቴ አዞረች።